ችካሉ ከተተከለ በኋላ፦ የአካባቢ ጥበቃ ሲሸረሸር መንግሥትን በፍርድ ቤት የመጠየቅ መንገድ

አንድ ቀን ጠዋት ከቤት ስትወጡ፣ ወንዙ ዳር ካለው ባሕር ዛፍ መሃል ቀይ ቀለም የተቀባ ችካል ተተክሎ ታገኛላችሁ። ሁለት ሰዎች ሜትር ይዘው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ምንድን ነው ብላችሁ ስትጠይቁ «ታዞ ነው» ይሏችኋል። ማን አዘዘ? «ከላይ»። ከዚያ በላይ ቃል አይወጣቸውም።

አቃቂ ቃሊቲ፣ ለቡ፣ ጀሞ ጀርባ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፤ ከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች ይህን ጠዋት እናውቀዋለን። ይህ ጽሑፍ ፋብሪካ ፍሳሽ ለቀቀብን ለሚሉ ብቻ አይደለም። ይልቁንም ጥበቃውን የሚያነሳው ራሱ መንግሥት ሲሆን ምን እንደሚደረግ ነው። የወንዝ ዳርቻው ክልል ሲጠብብ፣ በፕላን አረንጓዴ የነበረው ቦታ ለግንባታ ሲሰጥ፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ የሚያስፈልገው ሥራ ያለ ግምገማ ሲታለፍ።

«መንግሥት ይከሰሳል እንዴ?» የሚል ጎረቤት አይጠፋም። ይከሰሳል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት ይሰጣል። አንቀጽ 43 ኅብረተሰቡን በሚመለከት ፕሮጀክት ላይ ሐሳቡ እንዲጠየቅ ይላል። አንቀጽ 92 ደግሞ አካባቢን መጠበቅ የመንግሥትም የዜጋም ግዴታ ነው ይላል።

እኔ ጠበቃ አይደለሁም። የሰፈራችን ኮሚቴ ጸሐፊ ነኝ። ሥራዬ ፋይል መያዝ ነው። እንዲህ ያለ ክስ የሚወድቀውም የሚነሳውም በብዛት ችሎት ፊት ሳይሆን ከዚያ በፊት፣ በመዝገብ ቤት መስኮት ላይ መሆኑን ያየሁት በዚሁ ሥራ ነው።

1. የተነሳው ምን እንደሆነ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ

«አካባቢያችን እየጠፋ ነው» ለዳኛ ምንም አይነግርም። «በመዋቅራዊ ፕላኑ አረንጓዴ ተብሎ የተያዘው፣ ከድልድዩ በታች ያለው ቦታ፣ በዚህ ቀን በተጻፈ በዚህ ቁጥር ደብዳቤ ለግንባታ ተላልፏል» ግን ይናገራል። ይህን ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካቃታችሁ ገና ክስ የላችሁም። ሐዘን ነው ያላችሁ።

ዓረፍተ ነገሩን ለመጻፍ ጥበቃው የተነሳው በምን ዓይነት ሰነድ እንደሆነ ማወቅ አለባችሁ። አራት ዓይነት ነው፤ በሩም ይለያያል።

ደብዳቤ ወይም ውሳኔ ከሆነ፣ ማለትም አንድ መሥሪያ ቤት ለአንድ ቦታ ወይም ለአንድ ፕሮጀክት የሰጠው ፈቃድ፣ በቅሬታ ይጀመርና ወደ ፍርድ ቤት ይሄዳል። ብዙው ጉዳይ ይኸው ነው።

መመሪያ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። የፌዴራል የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 መመሪያ ዝም ብሎ አይወጣም ይላል። ረቂቁ ለሕዝብ አስተያየት መቅረብ አለበት። መጽደቁ ብቻም አይበቃም፤ ፍትሕ ሚኒስቴር ተመዝግቦ ድረ ገጽ ላይ መውጣት አለበት። ይህ አዋጅ የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችን፣ እንዲሁም ተጠሪነቱ ለፌዴራል መንግሥት የሆነውን የአዲስ አበባ አስተዳደር ይመለከታል። ስለዚህ አንድ ኃላፊ «በአዲሱ መመሪያ መሠረት» ሲላችሁ ቁጥሩን ጠይቁት። ቁጥሩን ከፈለገ፣ ከፈለገ፣ ከዚያም «ነገ ተመለሱ» ካለ፣ ያችን ቀን ማስታወሻ ላይ ያዙ።

ደንብ ከሆነ ካቢኔ ያወጣው ነውና ክርክሩ ይከብዳል፤ ከአዋጅ ጋር ይጋጫል ብላችሁ ነው የምትሄዱት። አዋጅ ከሆነ ደግሞ መደበኛ ፍርድ ቤት አይሽረውም። ወደ እሱ መጨረሻ ላይ እመለሳለሁ።

አንድ ነገር አትርሱ። ሕግ ይቀየራል። እዚህ የምጠራቸውን አዋጆች ከመጥቀሳችሁ በፊት ማሻሻያ ወጥቶባቸው እንደሆነ ነጋሪት ጋዜጣ ላይ ፈትሹ። በተሻረ አንቀጽ የተጻፈ አቤቱታ ይዞ ችሎት መቆም ያሳፍራል።

2. ቦታው የማን እንደሆነ አረጋግጡ

መሃል ከተማ የሚኖር ሰው ይህ ጥያቄ አይገባውም። እኛ ግን በአንድ መንገድ ግራ አዲስ አበባ፣ ቀኝ ሸገር ከተማ የሆነበት ሰፈር ነው የምንኖረው። ውሃው ደግሞ ወሰን አያውቅም። ትልቁ አቃቂም ትንሹ አቃቂም ከላይ ተነስተው ከተማውን አቋርጠው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገናኛሉ።

ችካሉ ያረፈው በአዲስ አበባ በኩል ከሆነ አቤቱታው ለአዲስ አበባ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው። በሸገር በኩል ከሆነ ለኦሮሚያ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ነው፤ ማመልከቻውም በአፋን ኦሮሞ ይጻፍ። ከታች የምጠቅሳቸው የአካባቢ አዋጆች ለሁሉም ክልል ይሠራሉ። ከላይ ያነሳሁት የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ግን የክልል መሥሪያ ቤት ላይ አይሠራም።

በግምት አትሂዱ። ወረዳ ሄዳችሁ «ይህ ቦታ በናንተ ሥር ነው ወይ?» ብላችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። የቃል መልስን ካሻቸው፣ በኋላ ይክዱታል።

እግረ መንገዴን፦ በዚህ አካባቢ የመሬት ነገር በቀላሉ ወደ ወሰንና ወደ ብሔር ክርክር ይንሸራተታል። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው ወደዚያ ሊወስደው ሲጀምር ቶሎ መልሱት። የኛ ጉዳይ ወንዙና ዛፉ ነው። ከወሰኑ ማዶ ያለውም ገበሬ ያንኑ ውሃ ነው የሚጠጣው። እንዲያውም እሱን አስፈርሙት።

3. ወረቀት ሰብስቡ፣ «ገቢ» አስመቱ

መጀመሪያ የመረጃ ጥያቄ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 ማንኛውም ሰው ከመንግሥት መሥሪያ ቤት መረጃ የመጠየቅ መብት እንዳለው ይደነግጋል፤ መልስም በ30 ቀን ውስጥ መሰጠት አለበት። ለምን እንደፈለጋችሁት መግለጽ አይጠበቅባችሁም። የምትጠይቁት ሦስት ነገር ነው፦ ፈቃዱ ወይም ውሳኔው፣ የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ሰነዱ፣ ሕዝብ የተወያየበት ቃለ ጉባኤ። ከከለከሏችሁ ወይም ዝም ካሉ እንባ ጠባቂ ተቋም ዘንድ ይግባኝ ይባላል።

ሦስተኛውን በተለይ በደንብ እዩት። አንዳንዴ ቃለ ጉባኤ ይመጣል። ሰማንያ ሰው ፈርሟል። ስትቆጥሩ ግማሹ በሰፈሩ አይታወቅም፤ ሌላው የፈረመው ለስኳርና ለዘይት መስሎት ነው። ስማቸው ያለበትን ሰዎች ቤት ለቤት ሄዳችሁ ጠይቁ። አልተሰበሰብኩም የሚል ሰው ምስክር ነው።

አሁን ስለ «ገቢ»። እኛ ላንድ መሥሪያ ቤት አራት ደብዳቤ ወስደናል። ጸሐፊዋ ደግ ነበረች፤ «እኔ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጥላችኋለሁ» ትለን ነበር። እኛም አመስግነን እንመለስ ነበር። ስምንት ወር ካለፈ በኋላ መልስ ስንጠይቅ «ምንም የደረሰን ነገር የለም» ተባልን። ውሸት ነው ማለት አልቻልንም። በእጃችን ያለው ቅጂ ላይ ማኅተም የለ፣ ቀን የለ፣ ቁጥር የለ። ስምንት ወር ውሃ በላው።

ስለዚህ ማንኛውም ወረቀት በሁለት ቅጂ ይሂድ። አንዱ ለነሱ፣ ሁለተኛው የገቢ ቁጥርና ቀን ተጽፎበት፣ ማኅተም ተመትቶበት ለናንተ። አንቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በሪኮማንዴ ላኩትና ደረሰኙን ያዙ።

ፎቶ አንሱ። ግን አንድ ቦታ ቆማችሁ፣ በየሳምንቱ፣ ቀኑ እንዲታወቅ አድርጋችሁ። ስልካችሁ ላይ የቦታ መጠቆሚያውን አብሩት። ጉግል ኧርዝ ላይ የድሮ የሳተላይት ምስል ወደ ኋላ እየሄዱ ማየት ይቻላል። ከአሥር ዓመት በፊት ዛፍ እንደነበረ በዚያ ማሳየት ከሽማግሌ ምስክርነት ጋር ሲደመር ጉልበት አለው። ከሠራተኞቹና ከዶዘር ሹፌሩ ጋር ግን አትጣሉ። እንጀራቸውን የሚፈልጉ ሰዎች ናቸው።

ውሃ ተበክሏል የምትሉ ከሆነ በሃይላንድ ቀድታችሁ ችሎት ይዛችሁ አትሂዱ። ከየት እንደተቀዳ ማን ያምናችኋል? ባለሥልጣኑ ተቆጣጣሪ ልኮ ናሙና እንዲወስድ በጽሑፍ ጠይቁ። ተቆጣጣሪዎቹ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ገብተው የመመርመር ሥልጣን በሕግ አላቸው። ካልመጡ፣ አለመምጣታቸው ራሱ ፋይል ይገባል።

4. ቅሬታውን አስገቡ፣ ቀን መቁጠር ጀምሩ

የዚህ ጽሑፍ ልቡ እዚህ ነው። ሁለት መንገድ አለ።

ቅሬታችሁ ባለሥልጣኑ የፕሮጀክቱን የተጽዕኖ ግምገማ አጽድቆ በሰጠው ፈቃድ ላይ ከሆነ፣ አዋጅ ቁጥር 299/1995 አንቀጽ 17 ነው። ቅሬታው ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ይቀርባል፤ በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ይሰጣል።

ቅሬታችሁ አካባቢውን በሚጎዳ ወይም ሊጎዳ በሚችል አካል ላይ ከሆነ አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ይህ አንቀጽ ወርቅ ነው። ማንኛውም ሰው ጥቅሜ ተነክቷል ብሎ ማስረዳት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል ይላል። ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነ፣ ወይም ወስኖ ካልተስማማችሁ፣ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ትችላላችሁ።

60 ቀን ረጅም ይመስላል። አይደለም። በቀን መቁጠሪያ እንየው። አቤቱታው ሚያዝያ 1 ገባ እንበል። 30 ቀኑ ግንቦት 1 ይሞላል። 60ው ሐምሌ 1 ያልቃል። የኛ ወር እኩል 30 በመሆኑ እስከዚህ ቀላል ነው። አቤቱታው ሐምሌ 1 ከገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። 30ው ነሐሴ 1 ይሞላል። ከዚያ ሁለት ወር ቆጥሮ ጥቅምት 1 የሚል ሰው ተሸወደ። መሃል ላይ ጳጉሜን አለች። 60ው የሚያልቀው መስከረም 26 ነው፤ ጳጉሜን ስድስት በምትሆንበት ዓመት ደግሞ መስከረም 25።

ነሐሴና መስከረም ደግሞ የፍርድ ቤት የክረምት ዕረፍት ነው። የሚሠራው ተረኛ ችሎት ነው። ዶዘሩም ይህን የሚያውቅ ይመስል ብዙ ጊዜ የሚመጣው ያኔ ነው። ዕረፍት ነበር ብሎ ቀን ማሳለፍ ሰበብ አይሆንም፤ አስቀድማችሁ ተዘጋጁ።

ማመልከቻው አንድ ገጽ ተኩል ይብቃው። እንዲህ መጀመር ይቻላል፦

«ጉዳዩ፦ በአዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 መሠረት የቀረበ አቤቱታ። እኛ ስማችን ከታች የተዘረዘረው የወረዳው ነዋሪዎች፣ ከ… ቀን ጀምሮ በ… ወንዝ ዳርቻ፣ ከ… ድልድይ እስከ … ባለው ቦታ ላይ እየተካሄደ ያለው ቁፋሮ … ጉዳት እያደረሰ መሆኑን እናስታውቃለን። ባለሥልጣኑ ሥራውን እንዲያስቆም፣ በሕጉ በተቀመጠው 30 ቀን ውስጥም ውሳኔውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን እንጠይቃለን።»

«ከነምክንያቱ» የሚለውን አታውጡ። በኋላ የምትከራከሩት በዚያ ምክንያት ላይ ነው።

5. ማን ይከሳል?

አንቀጽ 11 ጥቅም ማሳየት አያስፈልግም ቢልም፣ የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 33 ከሳሽ ጥቅም ይኑረው ይላል። ተከሳሹ ይህን መምዘዙ አይቀርም። ስለዚህ ቀላቅሉ። ጉድጓዱ የተበላሸበት፣ ላሙ የሞተችበት፣ ቤቱ ጎርፍ የገባበት ሰው ከፊት ይሁን። ከጎኑ እድር ወይም የተመዘገበ ማኅበር ይቁም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 37 ለማኅበራትም ይህን መብት ሰጥቷል። ብዙ ሰው ከሆናችሁ የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 38 ጥቂቶች በፍርድ ቤቱ ፈቃድ ሌላውን ወክለው እንዲከሱ ይፈቅዳል። ውክልናው ውልና ማስረጃ ሄዶ ይሠራ።

አንድ ምክር፣ ቢመርም። ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው የመጀመሪያው ከሳሽ አይሁን። በደሉ እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ክርክሩ በማግስቱ ስለ ወንዙ መሆኑ ቀርቶ ስለሱ ቤት ይሆናል። ካርታ ያለው ነዋሪ ወይም ነባር ገበሬ ይቅደም። ያኛው ምስክር ይሁን።

6. የት፣ ማንን፣ ምን ብሎ?

በአዲስ አበባ በኩል ለሆነ ጉዳይ ዋናው በር የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ነው። የመሥሪያ ቤቶችን ውሳኔና መመሪያ በአዋጅ 1183/2012 የሚመረምረው እሱ ነው። መጀመሪያ ግን የመሥሪያ ቤቱን የራሱን ቅሬታ ሰሚ መጨረስ አለባችሁ። የዚህኛው መንገድ የቀን ገደብ ከ60ው የተለየ ነው፤ ጠበቃችሁን የመጀመሪያው ቀን ላይ ጠይቁት። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 1234/2013 ደግሞ በሕገ መንግሥቱ ምዕራፍ ሦስት የተዘረዘሩትን መብቶች የሚያስከብር ትእዛዝ የመስጠት ሥልጣን ለዚሁ ፍርድ ቤት ሰጥቷል። አንቀጽ 44 ያለው እዚያ ምዕራፍ ውስጥ ነው።

ተከሳሽ አመራረጥ ላይ ተጠንቀቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ አክሽን ፕሮፌሽናልስ አሶሲዬሽን ፎር ዘ ፒፕል የተባለ ማኅበር የአቃቂና የሞጆ ወንዞች ብክለትን ይዞ የፌዴራሉን አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን ከሷል። ክሱ ግን ተቀባይነት አላገኘም። የተከሰሰው ተቆጣጣሪው ብቻ ነበር፤ በካዮቹ አልተከሰሱም። እኔ ከዚያ የወሰድኩት ይህን ነው፦ ፈቃድ የሰጠውንም፣ ሥራውን የሚሠራውንም፣ መከልከል ሲገባው ዝም ያለውንም በአንድ መዝገብ ጥሩ። አንዱ «እኔን አይመለከተኝም» ሲል ሌላው እዚያው ቆሞ ይስማ።

የምትጠይቁት ዳኝነትም ሊፈጸም የሚችል ይሁን። «አካባቢያችን ይጠበቅልን» አይፈጸምም። «በቁጥር … የተሰጠው ፈቃድ ይሰረዝ፤ የተቆፈረው ቦታ ወደነበረበት ይመለስ» ይፈጸማል።

7. ዕግድ፣ በዚያው ቀን

ክሱን ዛሬ አስገብታችሁ ዕግዱን ለነገ አትበሉ። ቀጠሮው ሲደርስ ዛፍ አይኖርም። የሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 154 ክርክር የተነሳበት ንብረት ሊጠፋ ወይም ሊበላሽ ሲል ጊዜያዊ ዕግድ እንዲሰጥ ይፈቅዳል። ማመልከቻው በቃለ መሐላ ይደገፍ፣ የዚያ ሳምንት ፎቶ ይያያዝ። ችሎቱ ዋስትና ሊጠይቅ ስለሚችል አስቡበት። የሚታገደው ቦታ ከየት እስከ የት እንደሆነም በግልጽ ጻፉ።

ትእዛዙ ከወጣ በኋላ ሥራው ገና ነው። ማኅተም ያለበትን ግልባጭ ለመሥሪያ ቤቱ፣ ለወረዳው ፖሊስ፣ ለሳይቱ ፎርማን በእጅ ስጡ። አስፈርሙ። እምቢ ካሉ በሁለት ሰው ፊት አንብቡላቸው።

8. ችሎት ላይ

የመጀመሪያው ቀን ስለ ወንዝ አታወሩም። መቃወሚያ ነው የሚመጣው። «ፍርድ ቤቱ ሥልጣን የለውም»፣ «ከሳሾች መብትና ጥቅም የላቸውም»፣ «ጊዜው አልፏል»። ለሦስቱም መልስ ቀድማችሁ ጻፉ። ለሦስተኛው መልሱ ያ «ገቢ» የተመታበት ቅጂ ነው።

ገንዘብ ካጠረ በደሃ ደንብ ለመክሰስ ማመልከት ይቻላል፤ የወረዳ ማስረጃ ያስፈልጋል። ጠበቆች በሕግ የነፃ አገልግሎት የመስጠት ግዴታ አለባቸው። የዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤቶችም ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ። ፍርድ ቤት በር ላይ ያሉ ራፖር ጸሐፊዎች ለተራ ማመልከቻ ጥሩ ናቸው። ይህን ግን አትስጧቸው።

ነገሩ አዋጅ ከሆነ አድራሻው የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ነው፤ የመጨረሻ ውሳኔው የፌዴሬሽን ምክር ቤት። መንገዱ ረጅም ነው። ጠበቃ ሳትይዙ አትሞክሩት።

ፍርድ ቤት ብቸኛው በር ነው አልልም። የሰንዳፋው የቆሻሻ ማስወገጃ በ2008 ሥራ በጀመረ በወራት ውስጥ የቆመው የአካባቢው ገበሬዎች አጥብቀው ስለተቃወሙ ነው። ቆሻሻው ወደ ቆሼ ተመለሰ። መጋቢት 2 ቀን 2009 ደግሞ ቆሼ ተደርምሶ ከ110 በላይ ሰው ሞተ። አንዱ ሰፈር «እኔ ጋ አይሁን» ብሎ ሲያሸንፍ ሸክሙ የት እንደሚያርፍ ማንም አልጠየቀም። ክስ ስትጽፉ ይህን አስቡበት፤ አማራጩ በትክክል ይጠና የሚል ጥያቄም ጨምሩበት።

ካሸነፋችሁ የአፈጻጸም መዝገብ ክፈቱ። ፎቶ ማንሳታችሁንም ቀጥሉ፣ ከዚያው ቦታ።

የኛ መዝገብ ገና ቀጠሮ ላይ ነው። ዕግዱ እንደጸና ነው። ያ ቀይ ችካል እስከ ዛሬ ባሕር ዛፉ መሃል ቆሟል፤ ቀለሙ ለቋል፤ ላሞች ይታከኩበታል።